የሻሼ ማተብ

ይድረስ ባሕር ተሻግራ ለምትኖረው እህቴ ለትርሲት።

እንደምን ሰነበትሽ እህት ዓለም? እጅሽ እንዴት ነው፣ ያ የሳሙና ቁስል ደረቀልሽ? ወገብሽስ? እንቅልፍ ይወስድሻል? እህል ትቀምሻለሽ ወይስ እንደ ለቅሶው ሰሞን ውኃ ብቻ ነው? ሁዳዴንስ በሰው ቤት እንዴት ይዘሽዋል? ማዳምሽ ለሐዘንሽ አንድ ቀን እንኳ ሰጠችሽ ወይስ ዓይንሽን ጠርገሽ ሥራ ገባሽ? ይህን ሁሉ በስልክ ልጠይቅሽ ብዬ ነበር። ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ከዚያ ያቺ ሴትዮ በዓረብኛ ትናገራለች። ዐሥራ ሰባት ቀን ሙሉ የሰማሁት የእሷን ድምፅ ነው፤ ከእንግዲህ ከእሷ ጋር ሰላምታ መለዋወጥ ብቻ ነው የቀረን። እኔ ፈጣሪ ይመስገን በጤናዬ ነኝ። ባለቤቴ ሲፈንም ደህና ናት። ቤቱ ግን ደህና አይደለም፤ እማዬ የሌለችበት ቤት እንዴት ደህና ይሆናል።

ደብዳቤ ከጻፍኩ ስንት ዓመቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ብዕር ከመያዝ የብየዳ ዘንግ መያዝ ይቀለኛል። ፊደሌ ቢጣመም አትሳቂብኝ። ይህን የምታመጣልሽ ሀሴት ናት፤ የወፍጮ ቤቱ ጎረቤታችን ልጅ፣ ለእረፍት መጥታ ነበር፣ እሁድ ወደዚያው ወደ ዱባይ ትመለሳለች። አንብበሽ እስክትጨርሺ አጠገብሽ እንድትቀመጥ አደራ ብያታለሁ። ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባሻል። ሥራ አለብኝ ብለሽ እንዳታባሪያት፣ ሻይ አጠጪያት።

ምን እንደተነገረሽ አውቃለሁ። ወንድምሽ የእናቱ አርባ ሳይወጣ፣ በሁዳዴ፣ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ሥጋ እየገዛ ይበላል፣ ጭራሽ ማተቡንም በጥሷል ተብለሻል። መጨረሻ የተነጋገርን ቀን “ወንድም ጋሼ” ማለቱን ትተሽ “ዘመድኩን” ብለሽ በባዶው ጠራሽኝ፤ ማተብ ከሌለው ሰው ጋር ምንም የለኝም ብለሽም ዘጋሽብኝ። ሰው ሁሉ የሚጠራኝ ስም ካንቺ አፍ ሲወጣ እንዲያ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ትርሲትዬ፣ ሥጋውን ገዝቻለሁ። ማተብም ተበጥሷል። ሐሰት የለበትም። ነገር ግን ከሥሩ ልንገርሽ፤ ከሥሩ ለመንገር ደግሞ የደበቅኩሽን ሁሉ ማውጣት አለብኝ።

እማዬ ሦስት ሳምንት ነው የተኛችው። ከሆስፒታል “ቤቷ ትረፍ” ብለው መልሰውልን ነበር። አክስታችን እቴቴ ዘነበወርቅ ከመስቃን መጥታ፣ ገና ነጠላዋን ሳታወርድ፣ ሰው አገር ላለች ልጅ ይህ አይነገርም፣ ብቻዋን ሆና አንድ ነገር ብትሆንስ ማን ይደርስላታል አለችን። ሁሉም ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ። ከዚያ በኋላ የእናታችን ሕመም ጉንፋን ሆነ፣ ዝምታዋም የኔትወርክ ችግር ሆነ። አንቺም በየዓርቡ በእረፍትሽ እየደወልሽ አመንሽኝ።

የካቲት ሰባት፣ ዓርብ፣ ስትደውዪ ግን እማዬ ነቅታ ነበር። ስልኩ ሲጮኽ ዓይኗን ገልጣ “ማነው? ትርሲት ናት?” አለችኝ። የብየዳ ደንበኛ ነው፣ የመስኮት ብረት የሚያሠራ ነው አልኳትና ስልኩን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እዚያ ቆሜ ላንቺ ደግሞ ተኝታለች፣ አልቀሰቅሳትም አልኩሽ። ስመለስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ሻሼ ከእግሯ ሥር ተጠቅልላ ተኝታ፣ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ ተኛች። ሰኞ ጠዋት እማዬ ዐረፈች። ይህን እስከ ዛሬ ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ለሁለታችሁም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ዋሸሁ፤ የመጨረሻ ቃላችሁንም እኔ ወሰድኩት።

ስለ ሻሼ ልምጣ። ልትሄጂ ሁለት ወር ሲቀርሽ ከገበያ በጉያሽ ይዘሻት የመጣሽ ጊዜ መዳፍ የማትሞላ ግልገል ድመት ነበረች። ግንባሯ ላይ ሻሽ ያሰረች የሚያስመስላት ነጭ ስለነበራት ሻሼ አልሻት። ለጥምቀት ለራስሽ አዲስ ማተብ አስረሽ የተረፈውን ጥቁር ክር አንገቷ ላይ ቋጠርሽና ይኸው ክርስትና አነሳኋት ስትዪ እማዬ ማማሰያ ይዛ እስከ ደጅ አባረረችሽ። ኋላ ግን “ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ” እያለች ስንት ቀን ሳቀች። ከሄድሽ ወዲያ ያንን ክር ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም። ድመቷ ስትወፍር ሌላ ክር ቀጠለችበት እንጂ ያንቺን ቋጠሮ አልፈታችም፤ የልጄ እጅ ያሰረው ነው ትል ነበር። በቤታችን ያ ክር ስሙ ማተብ ሆኖ ቀረ። አፋችን ስለለመደው እንግዳ ሰው ሲሰማው ምን እንደሚመስል አስበን አናውቅም።

የቀብሩ ዕለት አስከሬኑ ሊወጣ ሲል ሻሼ አልጋው ላይ ወጥታ አልወርድ አለች። እቴቴ ይህቺን ጉድ ከዚህ አውጡልኝ ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ያየኛል። ማጅራቷን ይዤ በኋላ በር ወደ ጓሮ ወረወርኳትና በሩን ቆለፍኩት። ዝናብ እየጣለ ነበር። በሩን ስትቧጭር ሰምቻለሁ፤ አልከፈትኩም። እህቴ፣ በዚያ ቀን እጄ ደርሶባት ልቀጣት የምችላት ፍጥረት ያቺ ድመት ብቻ ነበረች መሰለኝ።

መርዶሽን ጓደኞችሽ ተሰብስበው ከነገሩሽ በኋላ ስትደውዪ፣ ከለቅሶሽ መሐል መጀመሪያ የነገርሽኝ “ወንድም ጋሼ፣ ሁለተኛ ሞት እንዳትደብቀኝ” የሚል ነው። ቀጥለሽ ሻሼስ አለች አልሽኝ። አለች፣ እማዬ አልጋ ላይ ተኝታለች አልኩሽ። ሻሼን ካየናት ያኔ ሦስተኛ ቀናችን ነበር። አፌ ውሸት ለምዶ ኖሮ ሳላዘው ዋሸ። ስልኩን እንደዘጋሁ ግን አንድ ነገር በልቤ ቆረጥኩ፤ ድመቷን ፈልጌ አገኛታለሁ፣ እዚያው አልጋ ላይ አስተኛታለሁ፣ ቢያንስ ይህኛው ቃሌ እውነት ይሁን አልኩ።

ካጣናት በዐሥረኛው ቀን ሲፈን አየቻት። ከጓሮ፣ ከእማዬ እንሰት ሥር፣ ደረቅ ቅጠሉ በተንጠለጠለበት ውስጥ ተወሽቃ ነበር። አጥንቷ ተቆጥሯል። አንዱን የፊት እግሯን ወደ ደረቷ አጥፋ በሦስት እግሯ ነው የምትሄደው። ውሪ፣ ውሪ ብላት ጥርሷን አሳየችኝ። ያቺ በእግራችን መሐል የምትሹለከለክ ድመት የዱር አውሬ ሆናለች። እኔም እንደ ብልህ ጆንያ ይዤ ዘልዬ ልይዛት ሞከርኩ። ክንዴን ከላይ እስከ ታች ተረተረችኝና በአጥሩ ቀዳዳ ሾለከች። ይገባኛል አልኩ።

በማግሥቱ ቁስሌን ይዤ ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ሄድኩ። ሃኒ የምትባል ወጣት ሐኪም አለች፤ በሬና ላም ታክማለች እንጂ ለድመት ብሎ የመጣ ሰው ከእኔ በፊት አላየችም። ክንዴን ስታይ መጀመሪያ አንተ ሆስፒታል ሂድና የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ተወጋ ብላ አባረረችኝ። ተወግቼ ስመለስ ቁጭ አድርጋ አስተማረችኝ። የፈራች ድመት አትባረርም፣ በጆንያም አትያዝም፤ በገዛ እግሯ የምትገባበት ቤት ይሠራላታል። በሩ ክፍት ሆኖ ብዙ ቀን ትብላበት፣ ምግቡ በየቀኑ ትንሽ በትንሽ ወደ ውስጥ ይግባ፤ ካመነችህ በኋላ ብቻ ዝጋው አለችኝ። ከተያዘች በኋላም የምታውቀው ጠረን ያለበት ጨርቅ አልብሳት፣ ጨለማ ሲሆንላት ትረጋጋለች አለች። ካመነችህ በኋላ ዝጋው ያለችውን በልቤ እየደጋገምኩ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ወጥመዱን ራሴ ሠራሁት። አጥንቱን ከቀጭን ቶንዲኖ ብረት በየድኩ፣ በዶሮ ሽቦ ሸፈንኩት፣ ከላይ የሚወርድ የላሜራ በር አደረግኩለት፣ በሩንም በረጅም ሲባጎ እስከ ኩሽናው መስኮት ሳብኩት። በሕይወቴ እንዲህ ተጠንቅቄ የበየድኩት ነገር የለም። የብረቱን ጫፍ ሁሉ እንዳይቧጭራት ሞረድኩት። ሥራው አለቀና አሁን ምን እናስገባበት ስንል ቤት ውስጥ ያለው ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ነው። ሽሮውን አሽትታ ሄደች። ዳቦውን ጉንዳን በላው።

ስለዚህ ወደ ጀማሉ ሥጋ ቤት ሄድኩ፤ ከተማው ውስጥ የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ሁሉ ለጾሙ ተዘግቷልና። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመው ነበር፣ ታስታውሻለሽ። ጀማሉም ጾሙን ውሎ፣ ለማፍጠሪያ ለሚገዙት ሥጋ እየቆረጠ ነው። ሁለት ጾመኞች በሥጋ መሐል ተፋጠጥን። ሳልናገር ገባውና ስብና የሳንባ ቁራጭ ይጠቀልልልኝ ጀመር። “ለድመቷ አይደል? እማማ ብርቄን አላህ ይዘንላቸው፣ በየሁዳዴው ማክሰኞና ቅዳሜ ይመጡ ነበር” አለኝ። እማዬ! ክዳን ባለው ሳህን አድርጋ፣ ከላይ ጎመን አልብሳ፣ በወፍጮ ቤቱ ጓሮ ዞራ ነበር አሉ የምትመለሰው። ስንት ዓመት አብሬያት ስኖር ይህን አላወቅኩም። እኔ ሞኙ ልጇ ግን በሚያሳይ ነጭ ፌስታል አንጠልጥዬ፣ በዋናው መንገድ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት፣ ልክ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ አለፍኩ። ከራሴ ላይ ጥቁሩን የሐዘን ሻርፕ እንኳ አላወረድኩም። ሴቶቹ ፌስታሉን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ ከዚያ መሬት መሬቱን አዩ። ሮጬ ለድመት ነው ብላቸው ደግሞ ማን ያምነኛል።

ስምንት ቀን እንደዚያ መገብኳት። የመጀመሪያውን ቀን ሥጋውን ከደጃፉ አኖርኩ፣ ከዚያ አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ሌላ ስንዝር። በአራተኛው ቀን ቸኩዬ ሲባጎውን ለቀቅኩት፤ ላሜራው ሲወርድ እንደ ደወል ጮኸና ከመግባቷ በፊት አስበረገጋት። ሁለት ቀን ጠፋች። የበሩን ጫፍ በአሮጌ የብስክሌት ከመነዳሪ ጎማ ለበጥኩትና ከአንድ ብዬ እንደገና ጀመርኩ። በዚህ መሐል ሥራዬን ትቼ መስኮት ሥር እቀመጣለሁ፤ ደንበኞቼ ይሄ ሰውዬ ሐዘኑ ጭንቅላቱን ነካው እንዴ ይላሉ። መጋቢት ስድስት ቅዳሜ ጠዋት ሙሉ በሙሉ ገባች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ስትበላ ሲባጎውን ለቀቅኩት። ድምፅ አልነበረውም። ዞር ስትል በሩ የለም። እህቴ፣ አልጮኸችም። ቁጭ ብላ እንደዚያ ዓርብ ቀና ብላ አየችኝ። የእማዬን አሮጌ ፎጣ አለበስኳትና እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። በእማዬ ቀብርም በሰልስቷም ሰው ፊት ያልወጣልኝ ለቅሶ ያኔ ወጣልኝ።

ክሊኒኩ ደጃፍ ጥጃ ይዞ ተራ የሚጠብቅ ሰውዬ ሳቀብን፤ ሃኒ ግን አልሳቀችም። በመርፌ አስተኝታ ስታያት ነገሩ ተገለጠ። ስትከሳ ክሩ ላልቶባት ኖሮ የፊት እግሯ በውስጡ ሾልኮ ገብቷል፤ ክሩም ብብቷን እየሸረሸረ ሥጋዋ ውስጥ ተቀብሯል። የከሳችው እኔ ስላባረርኳት ነው። ሃኒ መቀሷን ስታነሣ እጇን ያዝኩና ቋጠሮውን እንዳትነኪው፣ በሌላ በኩል ቁረጪው አልኳት። ቆረጠችው፣ አጠበችው፣ ሰፋችው። ልክ በዚያች ሰዓት እቴቴ ደወለች፤ የት ነህ፣ ሰው ስለ አንተ የሚያወራው ምንድን ነው አለችኝ። እኔ ደግሞ በደስታ ራሴን ስቼ፣ “እቴቴ፣ ማተቡ ተበጠሰ፣ ተገላገልኩ!” አልኳት። ሥጋውን ቀድማ ሰምታለች። ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልግ! ስልኩ ከእጇ ወደቀ አሉ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና በማግሥቱ ወሬው ዱባይ ደርሶ አንቺ ዘጋሽብኝ። እቴቴ መጥታ ድመቷን ስታይና አንገቴ ላይ ያለውን ማተቤን ስትዳብስ እውነቱ ገባት። ለድመት ማተብ ያሰረ ቤት ይህ ይነሰው ብላ እኔኑ ተቆጣችኝ። መልሳ ደውላ እንድትነግርሽ ለመንኳት፤ አፈረች መሰለኝ ነገ ነገ እያለች ቀረ።

ሻሼን እማዬ አልጋ ላይ አስተኛኋት። ቃሌ ለጥቂት ቀን እውነት ሆነ። ሃኒ አንድ ቀን እያሳለፈች ከሥራ ስትወጣ በባጃጅ እየመጣች ወጋችልን። አንድ ሳምንት ሙሉ በላች፤ ውኃ በማንኪያ ከእጄ ጠጣች፤ አንድ ቀን ማለዳ ልብሷን ስትልስ አገኘኋት፣ ጸጉሯን ማለቴ ነው፣ ከደስታዬ ብዛት ለሲፈን እንደዚያ ብዬ ነው የነገርኳት። ላንቺ ደወልኩ፤ ያቺ ሴትዮ አነሣች። ከዚያ ግን ትኩሳቱ መጣባት። ሃኒ መርዙ ከቁስሉ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ቀድሞ ቢሆን ኖሮ አለችኝ። መጋቢት ዐሥራ ስምንት፣ ሐሙስ፣ ሴቶቹ ለአርባው ሽንኩርት እየከተፉ ሳለ፣ እጄን እራሷ ሥር እንዳደረግኩ ሻሼ ሞተች።

ሀሴትን አጠገብሽ ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው። መርዶ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው አይነገርም።

እቴቴ ምን እንዳለችኝ ልንገርሽ፣ ምናልባት ትስቂ ይሆናል። ለሷ አትንገራት፣ ድመት ሁሉ አንድ ነው፣ ግንባሯ ነጭ የሆነች ከገበያ እንፈልግና ፎቶ እንላክላት አለችኝ። ሲፈን ሳይቀር ምን አለበት አለች። ከሐዘንሽ ላይ ሐዘን ላለመጨመር ብለው ነው፣ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ሁለተኛ ሞት እንዳትደብቀኝ ብለሽኛል። የመጀመሪያውን የደበቅኩሽ በፍቅር ነው ብዬ ራሴን አታልዬ ነበር፤ ፍቅር አልነበረም፣ ለቅሶሽን ለመስማት ፈርቼ ነው። ይህቺኛዋ ትንሽ ሞት ናት፣ የድመት ሞት ናት። ትንሿን ካልነገርኩሽ ግን ስለ ትልቋ ይቅርታ የምጠይቅበት አፍ የለኝም። ይቅር በዪኝ ትርሲት። የቀበርኳት ከኋላ በር አጠገብ፣ ያን ቀን ስትቧጭረው ከነበረው በር ሥር ነው። በሩን ከዚያ ወዲህ አልቆለፍኩትም።

ከወረቀቱ ጋር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታገኛለሽ። የሻሼ ማተብ ነው። አጥቤዋለሁ። ቡናማው ክር እማዬ የቀጠለችው ነው፣ ጥቁሩ ያንቺ ነው፣ ቋጠሮሽም እንዳለ አለ።

ሲፈን በጣም ናፍቀሽኛል፣ ሰው ቤት ነሽና ራስሽን ጠብቂ ትልሻለች። ጀማሉ ኢዱን አክብሮ ሲመጣ ስላንቺ ጠየቀኝ፤ አላህ ያጽናት በላት ብሎኛል። ሃኒ አታውቅሽም፣ ግን ስምሽን ከእኔ አፍ ስለለመደችው ሰላም በልልኝ ብላለች። እቴቴ ዘነበወርቅ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ይህን ስጽፍ ከጎኔ ተቀምጣ አንገቷን አቀርቅራለች። በፊት በፊት ከሁሉም ቀድሞ የሚጻፈው የእማዬ ሰላምታ ነበር። የእሷን ቦታ ለማንም አልሰጠሁትም።

ደውዪልኝ ብዬ አላስገድድሽም። ግን በየዓርቡ፣ በእረፍትሽ ሰዓት፣ እማዬ አልጋ አጠገብ እቀመጣለሁ። ስልኩ ቢጮኽ እዚያው ሆኜ ነው የማነሣው፤ ይዤው ወደ ጓሮ አልወጣም።

ወንድም ጋሼሽ ዘመድኩን

ቡታጅራ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.